ሰላይ አፕ ስልኬ ላይ አለ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ከየት ትጀምራላችሁ

ሰው "ስልኬ ተጠልፏል መሰለኝ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስልክሽን ማን ይነካዋል፣ ጂሜይሉን ማን ከፈተልሽ፣ ሲሟስ በማን ስም ነው የወጣችው እያልኩ ነው። ብዙዎቹ በዚህ ይናደዳሉ፣ ምክንያቱም የሚጠብቁት አንድ ኮድ ደውለው "አዎ ተጠልፈሻል" የሚል መልስ እንዲመጣላቸው ነው። ቲክቶክ ላይ እኮ ሞልቷል፣ *#21# ደውሉና ስልካችሁ መጠለፉን እወቁ የሚል። ውሸት ነው። ኮዱ የሚያሳየው ጥሪያችሁ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ተደርጎ እንደሆነ ብቻ ነው፣ ስለ ሰላይ አፕ የሚያውቀው ነገር የለም። እርግጥ ጥሪ ማዞሩም ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ የሆነ ሰው ስልካችሁን ለአንድ ደቂቃ ይዞ ጥሪውን ወደራሱ ካዞረው ዋትስአፕ በድምፅ ደውሎ የሚናገረው ኮድ ለሱ ይደርሰዋል፣ ስለዚህ ስትደውሉ የማታውቁት ቁጥር ከመጣ ##002# ደውሉ፣ የዞረውን ሁሉ ያጠፋዋል።

"ባትሪዬ ቶሎ ያልቃል፣ ስልኩ ይሞቃል" የሚለውም እንደዛው ነው። ቆየት ያለ ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ስታዩበት ከዋላችሁ ይሞቃል፣ በዛ ላይ በደንብ የተሰራ ሰላይ አፕ ባትሪ ላይ ብዙም አይታወቅም። እኔ የማምነው ምልክት ሌላ ነው፦ ለአንድ ሰው ብቻ የፃፋችሁትን ነገር ሌላ ሰው ሲያወራው ከሰማችሁ፣ ወይ የት እንደዋላችሁ ሳትነግሩት የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ያኔ መፈተሽ ነው።

ያ ሰው ደግሞ አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ፣ ባል ይሁን ፍቅረኛ ይሁን ወንድም፣ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ይሄን ልብ በሉ። ሰላይ አፕ ካለ አሁን የምታነቡትንም፣ ጉግል ላይ የፈለጋችሁትንም ሊያይ ይችላል። አፑን ያጠፋችሁት ቀን እዛ ማዶ መረጃው መምጣት ስለሚያቆም እንደነቃችሁበት ወዲያው ያውቃል፣ የሚማታ ወይ የሚያስፈራራ ሰው ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ በምታምኑት ሰው ስልክ አንብቡ፣ ያገኛችሁትን ነገር በሌላ ስልክ ካሜራ ፎቶ አንሱት (በራሳችሁ ስልክ ስክሪንሹት ካደረጋችሁ ጋለሪ ውስጥ ይገባል፣ እሱም ይታያል)፣ ማጥፋቱ የት እንደምታድሩ ከወሰናችሁና ለአንድ ሰው ከነገራችሁ በኋላ ይድረስ።

እሺ ወደ ስራው። የመጀመሪያው ቦታ ዋትስአፕና ቴሌግራም ራሳቸው ናቸው። አንዲት የማውቃት ልጅ የተለያየችው ፍቅረኛዋ ከእህቷ ጋር የምትፃፃፈውን ቃል በቃል እየደገመ ያስጨንቃት ነበር፣ ሰላይ አፕ ነው ብላ ስልክ ልትቀይር ገንዘብ እያጠራቀመች ነበር። ዋትስአፗን ከፍተን ላይ ያሉትን ሶስት ነጥቦች ነክተን ሊንክድ ዲቫይስስ የሚለው ውስጥ ስንገባ "ጉግል ክሮም፣ ዊንዶውስ" ይላል፣ ስሩ ደግሞ መጨረሻ የተከፈተው የዛኑ ቀን ጠዋት። ልጅቷ ኮምፒውተር የላትም። በቃ ያ ነው፣ አንድ ቀን ስልኳን ይዞ ላፕቶፑ ላይ የመጣውን ኪውአር ኮድ በሷ ስልክ ስካን አድርጎ ነው የሄደው። ዋትስአፕ እስከ 4 ተጨማሪ ዲቫይስ እንዲያያዝ ይፈቅዳል፣ ስልኩ ቢጠፋ እንኳን እነሱ ይሰራሉ፣ ዋናው ስልክ 14 ቀን ካልተከፈተ ነው የሚወጡት። የማታውቁትን ነካ አድርጋችሁ ሎግ አውት በሉት።

ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ከዛ ዲቫይስስ ነው፣ እዛ እያንዳንዱ ገብቶ ያለ ስልክና ኮምፒውተር ከነሀገሩ ይዘረዘራል። ሀገሩና ከተማው በኢንተርኔት አድራሻው (አይፒ) የሚገመት ስለሆነ ሁሌ ትክክል አይደለም፣ ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ ራሳችሁን ኔዘርላንድስ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ አትደንግጡ፣ የስልኩን ሞዴል እዩ። ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ የሚለውን ስትነኩ ከእጃችሁ ካለው ውጪ ሁሉም ይባረራል። እዚህ ጋር አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ቴሌግራም አዲስ የገባ ዲቫይስ ወዲያው ሌሎቹን እንዲያባርር አይፈቅድም፣ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ስለዚህ ከቴሌግራም ራሱ "አዲስ ሎጊን" የሚል መልእክት ከመጣላችሁ የዛኑ ሰዓት ግቡና አባርሩት፣ ነገ እያላችሁ ካደራችሁበት ግን እሱ ነው እናንተን የሚያባርራችሁ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕም ላይ ሊንክድ ዲቫይስስ አለ፣ 2025 ላይ ጉግል ባወጣው ሪፖርት የሩሲያ ሰላዮች የዩክሬን ሰዎችን ሲግናል ለማንበብ የተጠቀሙበት ዘዴ ይሄው ነበር፣ የግሩፕ ግብዣ አስመስለው ኪውአር ኮድ ማስካን። ሲግናልን አልሰበሩትም፣ ሰውየው ራሱ በሩን እንዲከፍት ነው ያደረጉት።

ሁለተኛው ቦታ ጂሜይል ነው፣ እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የኛ ሀገር ችግር በብዛት ያለው እዚህ ነው። አዲስ ስልክ ሲገዛ ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ሁሉን ነገር አስተካክሎ ይሰጣል አይደል፣ ቴሌግራም ይጭናል፣ ፕሌይ ስቶር ይከፍታል፣ ለፕሌይ ስቶሩ ጂሜይል ያወጣል። "ፓስዎርዱ ምንድነው?" ስትሉት "አይ እናቴ አያስፈልግሽም" ይላል፣ ወይ በካርቶኑ ጀርባ ይፅፈውና ካርቶኑ ይጠፋል። ልጁ ክፋት ላይኖረው ይችላል፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ የስልካችሁ ባለቤት ማነው? ኮንታክታችሁ፣ ፎቶ ባክአፕ ከበራ ፎቶዎቻችሁ፣ ስልኩ ያለበት ቦታ፣ የዋትስአፕ ባክአፕም ሳይቀር የሚቀመጠው በዛ አካውንት ላይ ነው። ባል ያወጣው ጂሜይል፣ ታላቅ ወንድም ያወጣው ጂሜይል፣ ሁሉም ያው ነው። ሰላይ አፕ መጫን ምን ያስፈልገዋል።

ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለው ጋር ገብታችሁ አካውንቱን ክፈቱና ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ሶስት ነገር እዩ፦ ዩር ዲቫይስስ ላይ የማን የማን ስልክ እንዳለ፣ ሪከቨሪ ስልኩ (ፓስዎርድ ሲጠፋ አካውንቱን የሚያስመልሰው) የማን ቁጥር እንደሆነ፣ ሪከቨሪ ኢሜይሉ የማን እንደሆነ። ፓስዎርድ ቀይራችሁ ሪከቨሪው ላይ የሌላ ሰው ቁጥር ከቀረ ምንም አልሰራችሁም፣ በ5 ደቂቃ መልሶ ይወስደዋል። ፓስዎርዱን ጭራሽ የማታውቁት ከሆነ ብዙ ከመታገል አዲስ ጂሜይል ራሳችሁ አውጡና ኮንታክትና ፎቶውን ወደዛ አዛውሩ፣ የድሮውን ከስልኩ አስወግዱ። አይፎን ላይም አፕል አይዲው ነው ዋናው፣ እንደውም አይፎን ላይ ሰላይ አፕ መጫን ከባድ ስለሆነ እነዚህ በየኢንተርኔቱ የሚሸጡ "የሚስትህን ስልክ ተከታተል" የሚሉ ነገሮች ብዙ ጊዜ የሚሰሩት የአፕል አይዲውን ፓስዎርድ ተቀብለው አይክላውድ ባክአፑን በማንበብ ነው። አይኦኤስ 16 እና ከዛ በላይ ከሆነ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ሴፍቲ ቼክ የሚል አለ፣ ማን ምን እንደሚያይ አንድ በአንድ እያሳየ ያስቆርጣችኋል።

ሲም ካርዷ። ሲሟ በባለቤትሽ ስም ከወጣች እሱ ሄዶ ጠፋብኝ ብሎ ምትክ ማውጣት ይችላል፣ ምትኳ ከወጣች በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ ሁሉ ለሱ ነው የሚደርሰው፣ በዛ ኮድ ቴሌግራም ይከፈታል። በራሳችሁ ስም ማዞር ነው ትክክለኛው መፍትሄ፣ እስከዛ ግን ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ፣ ከኮዱ ሌላ እናንተ ብቻ የምታውቁት ፓስዎርድ ወይ ፒን ይጠይቃል። ለሪከቨሪ የምትሰጡት ኢሜይል ያ የሞባይል ቤቱ ጂሜይል እንዳይሆን ብቻ።

ይሄን ሁሉ አይታችሁ ካልተገኘ ነው እንግዲህ የተደበቀ አፕ ፍለጋ የሚገባው። አንድሮይድ ላይ ሜኑው ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ ሴቲንግ ላይ ባለው መፈለጊያ ብትፅፉት ይቀላል። መጀመሪያ ፕሌይ ስቶር ከፍታችሁ ፕሮፋይላችሁን ነክታችሁ ፕሌይ ፕሮቴክት የሚለውን እዩ፣ ሳታጠፉት ጠፍቶ ካገኛችሁት ይሄ ከሁሉም የበለጠ ጥሩ ፍንጭ ነው ምክንያቱም ሰላይ አፕ የሚሸጡት ድርጅቶች መመሪያቸው ላይ "መጀመሪያ ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፋ" ብለው ነው የሚጀምሩት። አብሩትና ስካን አስደርጉ። ከዛ ኢንስቶል አንኖውን አፕስ የሚለው ውስጥ ክሮም ወይ ፋይል ማናጀሩ ወይ ቴሌግራሙ ተፈቅዶለት እንደሆነ እዩ። ከዛ ዋናዎቹ ሶስት በሮች አሉ፦ አክሰሲቢሊቲ፣ ኖቲፊኬሽን አክሰስ እና ዲቫይስ አድሚን አፕስ። አክሰሲቢሊቲ ማየት ለሚቸገሩ ሰዎች ስክሪኑን እንዲያነብላቸው የተሰራ ነው፣ ሰላይ አፕ ግን በዚሁ በኩል የምትፅፉትንም የምታነቡትንም ያያል። ኖቲፊኬሽን አክሰስ ያለው አፕ መልእክት ሲመጣ ከላይ ብቅ የሚለውን ያነባል፣ ላኪው ቢያጠፋው እንኳን አስቀርቶታል። ዲቫይስ አድሚን ደግሞ አፑ በቀላሉ እንዳይጠፋ ይከላከልለታል፣ አንኢንስቶል አልል ካላችሁ መጀመሪያ ከዚህ ላይ አጥፉት።

ስሙን አይታችሁ አትሸወዱ፣ "ሰላይ" ብሎ የሚፃፍ የለም። ሲስተም ሰርቪስ፣ ሲንክ ሰርቪስ፣ ዋይፋይ፣ አፕዴት ሰርቪስ ምናምን የሚል ስምና የአንድሮይድ አርማ ይዞ ነው የሚቀመጠው። መለያው ሌላ ነው፦ አፑን ከአፕስ ዝርዝር ውስጥ ክፈቱትና ታች ውረዱ፣ ከየት እንደተጫነ ይፅፋል። ከፕሌይ ስቶር ወይ ከስልኩ አምራች ስቶር ካልመጣ፣ ማይክ፣ ኤስኤምኤስ፣ ሎኬሽን ሁሉ ከተፈቀደለት፣ እናንተም ካላወቃችሁት፣ እሱን ጠርጥሩት። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ከውጪ የተጫነ አፕ አክሰሲቢሊቲና ኖቲፊኬሽን እንዲያገኝ ስልኩ መጀመሪያ ይከለክላል፣ ሰውየው ስልኩን ይዞ አላው ሪስትሪክትድ ሴቲንግስ የሚለውን በእጁ መፍቀድ አለበት፣ ስለዚህ አዲስ ስልክ ላይ ነገሩ ትንሽ ከብዷል። በሁሉም ግን የስልካችሁን ፒን የሚያውቅ ሰው ነው የሚጭነው። ፒን ቀይሩ፣ የልደት ቀን አታድርጉት፣ ኧረ 1234 የሚያደርግ ሰው ዛሬም አለ፣ ፊንገርፕሪንት ውስጥም ገብታችሁ የማን የማን ጣት እንደተመዘገበ ቁጠሩ።

ጂቢ ዋትስአፕ የምትጠቀሙ፣ እናንተ ደግሞ ሰላዩን ራሳችሁ ነው የጫናችሁት ልል ነው። ኤፍኤም፣ ዮ፣ ጂቢ፣ ሁሉም የሆነ የማይታወቅ ሰው ዋትስአፕን ፈቶ የገጣጠማቸው ናቸው፣ ፕሌይ ስቶር ላይ የሉም፣ ከቴሌግራም ቻናል በኤፒኬ ነው የሚወርዱት ወይ በዜንደር ከጓደኛ። 2021 ላይ ኤፍኤም ዋትስአፕ ውስጥ ትሪያዳ የሚባል ቫይረስ ተገኝቶበታል፣ 2023 ላይ ደግሞ ካስፐርስኪ የሚባለው የሳይበር ደህንነት ድርጅት በቴሌግራም ቻናሎች የሚሰራጩ እንዲህ ያሉ የዋትስአፕ ቅጂዎች ውስጥ የስለላ ኮድ አግኝቷል፣ በብዛት አረብኛና አዘርባጃንኛ ተናጋሪዎችን የነካ፣ አረብ ሀገር ያላችሁ እህቶች ይሄ እናንተንም ይመለከታል። "ኦንላይን መሆኔ አይታይም፣ የተሰረዘ ሜሴጅ አነባለሁ" ለሚለው ጥቅም ሲባል ሙሉ ቻታችሁን ለማታውቁት ሰው መስጠት አይከፍልም። ቻቱን ባክአፕ አድርጋችሁ ወደ ኦሪጅናሉ ተመለሱ።

አረብ ሀገር ካነሳን ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፣ "የማዳም ዋይፋይ ላይ ነኝ፣ የምፅፈውን ታየዋለች?" የሚል። ዋይፋዩን ብቻ ይዛ የዋትስአፕ መልእክትሽን ማንበብ አትችልም፣ መልእክቱ ከስልክሽ ሳይወጣ ነው የሚቆለፈው፣ ዋትስአፕ መጠቀምሽን ግን ራውተሩ ሊያሳይ ይችላል። ስልኩን የገዛችልሽና ያዘጋጀችልሽ እሷ ከሆነች ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ፈትሺ።

ኢንክሪፕሽን የሚባለው ነገር ላይ ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው። ዋትስአፕና ሲግናል መልእክቱን በመንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ይቆልፉታል፣ እውነት ነው፣ ስልካችሁ ላይ ሲደርስ ግን እናንተ እንድታነቡት ይከፈታል፣ ሰላይ አፑ ደግሞ የተቀመጠው እዛው ስልኩ ላይ ነው፣ እናንተ የምታዩትን ያያል። ቴሌግራም ጭራሽ ተራው ቻት ሰርቨራቸው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከጫፍ ጫፍ የሚቆለፈው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው፣ ግሩፕ ደግሞ ሲክሬት ቻት የለውም። ስለዚህ ከባድ ነገር የምታወሩ ከሆነ ሲግናል ይሻላል፣ ካልሆነ ሲክሬት ቻት፣ በሁለቱም ግን ዲስአፒሪንግ አድርጉት፣ በአንድ ቀን ወይ በአንድ ሳምንት እንዲጠፋ። ነገ ስልኩ ቢያዝ የ3 ዓመት ወሬ አይገኝበትም። ዋትስአፕ ላይ ቻት ባክአፕ ውስጥ ገብታችሁ ባክአፑን ራሱ በፓስዎርድ ቆልፉት፣ ይሄ ከ2021 ጀምሮ አለ ግን እናንተ ካላበራችሁት አይበራም፣ ፓስዎርዱን ከረሳችሁት ደግሞ ዋትስአፕም አያስመልስላችሁም። ሎክ ስክሪን ላይ የመልእክቱ ይዘት እንዳይታይም አድርጉ፣ ትንሽ ነገር ናት ግን ታክሲ ውስጥ ጎን የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ነው የሚያነበው።

አፑ ተገኝቶ ካልወጣ ወይ ካላመናችሁት ፋክተሪ ሪሴት ነው፣ ስልኩን እንደ አዲስ ባዶ ማድረግ። ከሪሴቱ በፊት ፓስዎርዶቹን በሌላ ንፁህ ስልክ ቀይሩ፣ ከሪሴቱ በኋላ ሙሉ ባክአፑን አትመልሱ፣ ፎቶና ኮንታክት ብቻ አምጡና አፖቹን አንድ በአንድ ከፕሌይ ስቶር ጫኑ። ፍላሽ ላስደርገው ብላችሁ ለማታውቁት ሞባይል ቤት ከሰጣችሁት ግን ዞራችሁ መነሻው ጋር ናችሁ።

አሁን ትልልቆቹ፣ መንግስታት የሚገዟቸው። ለብዙ ሰው አያሰጋም፣ ዋጋውም ለተራ ሰው የሚወጣበት አይደለም፣ ግን ጋዜጠኛ፣ አክቲቪስት፣ ጠበቃ፣ ፖለቲከኛ ከሆናችሁ ይመለከታችኋል፣ ሀበሻ ላይ ደግሞ ቀድሞ የደረሰ ነው። 2013 ላይ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ እንደማጥመጃ የያዘ ፊንስፓይ የሚባል ስፓይዌር (ሰላይ ሶፍትዌር) አገኘ። በዛው ዓመት ታህሳስ አካባቢ የኢሳት ሰራተኞች በስካይፕ ፋይል ተላከላቸው፣ ሀኪንግ ቲም የሚባለው የጣልያን ድርጅት ሶፍትዌር ነበር። 2017 ላይ ደግሞ ሳይበርቢት የሚባል የእስራኤል ድርጅት ስፓይዌር ውጪ ሀገር ላሉ ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሲላክ ተገኘ፣ ጃዋር መሀመድም ኢላማ ነበር፣ ሊንኩን ሲከፍቱት ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርጉ የሚል ነበር የሚመጣው። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ "ኪዳኔ" በሚል ስም ኢትዮጵያን ከሶ 2017 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩን አልቀበልም አለ፣ ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈፀመም በሚል። እነዚህ በብዛት ኮምፒውተር ላይ ነበሩ፣ ማጥመጃው ግን ዛሬም ያው ነው፣ ስለ ሀገር ቤት የሚያጓጓ ዜና፣ ፎቶ፣ "ይሄን አይተኸዋል?"። እንደዚህ ያለ ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ላከ ለተባለው ሰው ደውሉ፣ በዛው ቻት ሳይሆን በስልክ።

ፔጋሰስ የሚባለው ደግሞ መንካትም አያስፈልገው። 2019 ላይ ወደ 1,400 ሰዎች በዋትስአፕ ጥሪ ብቻ ኢላማ ተደርገዋል፣ ባያነሱትም ይገባ ነበር፣ ዋትስአፕ አምራቹን ኤንኤስኦን ከሶ 2024 መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤት ተጠያቂ ነው ብሎታል። እንዲህ ያለውን በሴቲንግ ፈትሻችሁ አታገኙትም። የምትችሉት መንገዱን ማጥበብ ነው፦ አፕዴት በመጣ ቀን ማድረግ፣ ስልኩን በየጊዜው አጥፍቶ ማብራት (ከዚህ አይነቱ ብዙው ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይወጣል፣ ተመልሶ ሊገባ ቢችልም)፣ አይፎን ከሆነ ሎክዳውን ሞድ፣ አንድሮይድ 16 ከሆነ አድቫንስድ ፕሮቴክሽን። ሎክዳውን ሞድ ትንሽ ያናድዳል፣ ብዙ አይነት አታችመንት ይዘጋል፣ አንዳንድ ዌብሳይት ተሰባብሮ ይመጣል፣ የማታውቁት ሰው ፌስታይም ሊደውልላችሁ አይችልም፣ ለሚያሰጋው ሰው ግን ይከፍላል።

ከአፕል ወይ ከዋትስአፕ የስፓይዌር ጥቃት ኢላማ ሆነሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣላችሁ ስፓም ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሊንክም አትንኩ፣ የአፕሉን ከሆነ ራሳችሁ የአፕል አካውንት ድረገፅ ላይ ስትገቡ ከላይ ተፅፎ ታገኙታላችሁ። ከዛ አክሰስ ናው የሚባለው ድርጅት ለጋዜጠኞችና ለሲቪክ ማህበራት በነፃ የሚሰራ ሄልፕላይን አለው፣ በእንግሊዝኛም በአረብኛም መፃፍ ይቻላል፣ ለነሱ ፃፉ። እነሱ እስኪያዩት ድረስ ግን ስልኩን ሪሴት እንዳታደርጉት፣ ማስረጃውም አብሮ ነው የሚጠፋው፣ ሌላ ስልክ ተዋሱና ያኛውን እንዳለ አስቀምጡት።